የኢባርቤው ሽማግሌ ተረከዝ

አባቴ ከበረታችን ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ ቀኝ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ አንድ ሽማግሌ በጫማው ሲረግጠው ያየሁ ዕለት ስምንት ዓመቴ ነበር። በገዛ ቤታችን፣ በገዛ በረታችን። እናቴ አጠገባቸው ፋኖስ ይዛ ቆማለች። አትጮኽም፣ አትገላግልም። ሽማግሌው የሚረግጥበትን ቦታ በደንብ እንዲያይ ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ታበራለታለች።

ይህን ለልጆቼ ሳወራላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ “ለምን አልጮህሽም?” ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ እኔ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። አልዳዞ መንደር ውስጥ ካታሊን ኡርኪዲ ያልሰደበችው ዶሮ እንኳ አልነበረም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ጩኸት ከየት ይመጣል? ከበረቱ በላይ ባለው ድርቆሽ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ በጣውላው ስንጥቅ ቁልቁል እያየሁ ምላሴን ዋጥኩ።

አባቴ ማርቲን ኡርኪዲ ፔሎታ የሚባለው የግንብ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ የምንበላውም የምንለብሰውም ከዚያ ነበር። ሥራው በባዶ መዳፍ ነው። በፍየል ቆዳ የተሰፋች፣ ጥንካሬዋ ከድንጋይ የማይተናነስ ኳስ ከግንቡ ጋር ታላትማለህ፤ ስትመለስ ባላጋራህ ይመታታል፤ መመለስ ያቃተው ለባላጋራው ነጥብ ይሰጣል። ሃያ ሁለት ነጥብ ቀድሞ የሞላ አሸነፈ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ቀላል የመሰለው ሰው መጥቶ አንዴ ይሞክርና ማታ ማንኪያ ሲይዝ እናየዋለን።

ጨዋታውን የጀመረው በቤተ ክርስቲያናችን የጎን ግድግዳ ላይ ነው፤ ቄሱ በቅዳሴ ሰዓት እየወጡ ያባርሩት ነበር ይባላል። ድንጋይ ፈላጭ ሆኖ ጥቂት እንደ ሠራ ከትልቁ ከተማ ከቢልባኦ ሰዎች መጥተው አስፈረሙት። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ነጭ ሱሪውን ለብሶ ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖረ። ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ራሱን ባዶ ተመለሰ። ራሱን ባዶ የምለው ወድጄ አይደለም። በእኛ ዘንድ ያሸነፈ ሰው የሚሸለመው ቻፔላ ነው፤ ሰፊ ጥቁር ቆብ፣ ዙሪያውን ስሙና ዓመቱ በወርቅ ክር የተጠለፈበት። አንደኛ የወጣውንም “ባለቆብ” እንለዋለን እንጂ ሌላ ስም የለንም። አባቴ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ በዚህ ሥራ ሠላሳ አራት ዓመት ሽምግልና ነው። በዚያ ጸደይ የሚጫወተው ሦስተኛው ፍጻሜው ነበር፤ አራተኛ ይኖራል ብለን እኔም ላሞቹም አናስብም ነበር።

እንግዲህ በዚያ መሃል እጁ አበጠ። ከግማሽ ፍጻሜው ማግስት መዳፉ ውስጥ ደም ቋጠረ። ተጫዋቾች ይህን ሕመም “ሚስማር” ነው የሚሉት፤ ኳሷን በመታህ ቁጥር እስከ ብብትህ ስለሚወጋ። እኔ የእውነት ሚስማር መስሎኝ ከምሳ በኋላ ሲተኛ እጁን አገላብጬ ፈልጌዋለሁ። ሐኪሙ ወር ይረፍ አለ። ጨዋታው ግን አንድ ጊዜ ተራዝሞለት ነበር፤ ሁለተኛ ይራዘምልኝ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከመሸነፍ የባሰ ነውር ነው። ካልቀረበ ቆቡ ለኢባርቤው ለኢላሪዮ ኢቱራይን ሊሰጥ ነው።

ኢባርቤ ከኛ ኮረብታ ማዶ ያለ መንደር ነው። ከማዶ ሰው ደግ ነገር አይጠበቅም፤ እኔ ያደግሁት እንዲህ እየተባልኩ ነው። ኢላሪዮ ባለፈው ዓመት ቆቡን የወሰደው ባላጋራው እጁ አብጦበት ጨዋታውን መሃል ላይ ጥሎ ስለወጣ ነበር። መንደራችን በሙሉ “የበሽተኛ ቆብ” እያለ ይስቅበት ነበር። እኔም ዘፈን አውጥቼለት ላሞች ሳስገባ እዘፍነዋለሁ።

“ስለ እጁ አንዲት ቃል ከዚህ ቤት እንዳትወጣ” አለች እናቴ ጆሰፓ። ይህን ስትል ቤቱ ውስጥ አባቴም አጎቴ ኮስሜም ነበሩ፤ እሷ ግን የምታየው እኔን ብቻ ነበር።

ከፍጻሜው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ሁለቱ ተጫዋቾች ሕዝብ ባለበት ኳስ ይመርጣሉ። ቅርጫት ሙሉ ኳስ ይቀርብላቸዋል፤ እያነጠሩ፣ ጆሯቸው ላይ እያደረጉ፣ እየመዘኑ፣ እያንዳንዳቸው ለእሁድ የሚሆናቸውን ይለያሉ። አጎቴ ኮስሜ እኔንም ይዞኝ ሄደ። የወደደኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቤት ብቀር ለጎረቤት እንዳልለፈልፍ ነው።

አባቴ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ በግራው ይመርጥ ጀመር። ፈጣንና ጠንካራ ኳስ መውደዱን አገር ያውቃል፤ ያን ቀን ግን እጁ የሚሄደው ለዘብ ወዳሉት ነው። ኢላሪዮ ከወዲያ በኩል ቆሞ ያየዋል። ረጅም፣ አፍንጫው የተቆለመመ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነበር።

“ማርቲን፣ ዛሬ በግራህ ነው እንዴ የምትመርጠው?” አለው።

“ግራዬም ዓይን አለው” አለ አባቴ።

ሰው ሳቀ። ኢላሪዮ አብሮ ሳቀና ቀኝ እጁን ዘረጋ። ሁሉ ሰው እያየ እንዴት ይከለክለዋል? አባቴ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ኢላሪዮ ያዘው፤ ቶሎም አለቀቀውም። የአባቴ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። አይ ይህ የማዶ ሰው፣ እያወቀ ነው የሚያሸው ብዬ ቆሽቴ አረረ። እናቴ አንዲት ቃል እንዳትወጣ ባትለኝ ኖሮ ሄጄ ቁርጭምጭሚቱን እነክሰው ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ እናቴ ጎረቤት ሄጄ እንቁላል እንዳመጣ ላከችኝ። “ቀስ ብለሽ ነይ፣ አትቸኩዪ” አለችኝ። እናቴ በሕይወቷ ቀስ ብለሽ ነይ ብላኝ አታውቅም። እንቁላሉን ጥሻ ውስጥ አስቀምጬ በጓሮ ዞርኩና በድርቆሽ ማስገቢያው በር ሾልኬ ድርቆሹ ላይ ወጣሁ። ከታች ላሞቹ ያመሰኳሉ፤ ትኩስ እበት ይሸታል፤ ሦስት ሰው ነበር። ሦስተኛው አናስታሲዮ ነው፤ የኢላሪዮ አባት። እሱም በዘመኑ ባለቆብ ነበር። ከአያቴ ጋር በወጣትነታቸው በአንድ የጨዋታ ነጥብ ተጣልተው አያቴ እስኪቀበር ድረስ አልተነጋገሩም። እንኳን በረታችን ሊገባ፣ ስሙም ቤታችን አይነሳም።

አባቴ ቀበቶውን አጥፎ ነከሰ። ሽማግሌው የአባቴ መዳፍ መሃል ላይ ተረከዙን አሳረፈና ክብደቱን ቀስ እያለ ጣለበት። ከዚያ ተረከዙን ማዞር ጀመረ። ከአባቴ ጉሮሮ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም።

“ዛሬ ይጩህ” አለ ሽማግሌው፣ “ዛሬ ካልጮኸ እሁድ ይጮሃል።”

“ጋሽ አናስታሲዮ፣ በቃ፣ ይብቃው” አለች እናቴ።

“አይበቃውም፣ ጆሰፓ። ይልቅ ፋኖሱን ወዲህ አድርጊው።” እንደገና ረገጠው። “ዕድሜ ልኬን የኡርኪዲን ደጃፍ ሳልረግጥ ኖሬ፣ ዛሬ መጥቼ ጌታውን ረገጥኩት።”

አባቴ ቀበቶውን እንደ ነከሰ ሳቀ፤ እንባው እየወረደ። እኔ ከላይ ሆኜ ይህን ሳይ ሽማግሌው እያላገጠበት፣ አባቴም ፈርቶ እየሳቀለት መሰለኝ። አባቴ ሰው የሚፈራ ሰው አልነበረም።

ሲጨርሱ አባቴ እጁን ብብቱ ሥር አድርጎ ግድግዳውን ተደገፈ። “ኢላሪዮ ያውቃል?” ብሎ ጠየቀ።

“አያውቅም። እንዳያውቅም። እኔ እዚህ ቤት አልመጣሁም፤ እናንተም አላያችሁኝም።”

እናቴ በጨርቅ የተጠቀለለ አይብ ሰጠችው፤ ያንን የበግ አይብ፣ እኔ ጫፉን ስነካ በጥፊ የምባልበትን። አልፎ ተርፎም የሽማግሌውን ትከሻ ሳመች። በቃ፣ ገባኝ። እናቴ አባቴን ሸጠችው፤ ሽማግሌው ልጁ እንዲያሸንፍ እጁን ሰበረው፤ ዋጋውም አይብ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔም ይህን ይዤ አልለቅም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴን ኮስሜን ለብቻው አገኘሁት። እሱ የእናቴ ወንድም ነው፤ አባቴ ሲጫወት ፎጣና ውሃ ይዞ ወንበር ላይ የሚቀመጠው፣ ነጥብ በነጥብ መሃል የሚመክረው እሱ ነው።

“አጎቴ፣ የኢባርቤው ሽማግሌ የአባዬን እጅ ሰብሮታል።”

የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። “ማን ነገረሽ?”

“አየሁ።”

“አላየሽም።”

“አየሁ እያልኩህ። እማዬ ፋኖስ ይዛለት ነበር።”

“ስሚ ካታሊን፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይሆንም። እሁድ እስኪያልፍ ይህን አፍሽን በዚህ ሙይው” አለና ዳቦውን ከነቋሊማው እጄ ላይ አስቀመጠ። እኔም በላሁት፤ ግን እየበላሁ አጎቴም መሸጡን ተረዳሁ። ለአባቴ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሁድ መንደሩ በሙሉ በአውቶቡስ ቢልባኦ ወረደ። ከእናቴ አጠገብ አልቀመጥም ብዬ የቄሱ ጉልበት ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ በመስኮት ታያለች። ኅሊናዋ ነው የሚወቅሳት አልኩ በሆዴ። ዛሬ ሳስበው እኮ፣ ሴትየዋ ባሏ በዚያ እጁ እንዴት ሊመታ ነው ብላ አንጀቷ እያረረ ነበር።

አዳራሹ የሲጋራ ጭስ በጭስ ነበር። አወራራጆቹ ጀርባቸውን ለጨዋታው ሰጥተው በኢላሪዮ መቀነት ቀለም “ሰማያዊ፣ ሰማያዊ” እያሉ ይጮሃሉ፤ በአባቴ ቀይ መቀነት ላይ የሚያሲዝ ሰው ጠፍቷል። ስለ እጁ ወሬው ወጥቶ ነበር። እኔ አይደለሁም፤ ይህን በማንም ስም እምላለሁ። ሁለቱ ነጭ ለብሰው ገቡ። አጎቴ ኮስሜ በአባቴ ወገን ተቀመጠ። በኢላሪዮ ወገን ፎጣ ይዞ የተቀመጠው ማን ነው? አናስታሲዮ። ቁጭ ብሏል፤ ምንም እንዳላደረገ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ።

ጨዋታው ሲጀመር አባቴ በግራ እጁ ብቻ ይመታ ነበር። ግራው ጎበዝ ነው፤ ግን ለኢላሪዮ ግራ አይበቃውም። ኢላሪዮ ኳሷን ከግንቡ ጥግ እያስጠጋ ያሯሩጠዋል። አራት ለአሥራ አንድ ሆነ። አባቴ አንዷን በቀኙ ሊሞክር እጁን አነሳና መልሶ አወረደው፤ ኳሷ አመለጠችው። ከኋላችን አንድ ወፍራም ሰውዬ “ይህ ሰው እጁን ቤቱ ረስቶት ነው የመጣው” አለ። ዞሬ ምላሴን አወጣሁበት። ቄሱም አይተው ፊታቸውን ወደ ሜዳው መለሱ።

ያኔ አጎቴ ኮስሜ ውሃ ሊሰጠው ተነሳ። አባቴ አልጠጣም። እጁን እያየ ነበር። ጣቶቹን ከፈተ፣ ጨበጠ፣ ከፈተ። አጎቴ የሆነ ነገር አለው። በኋላ ሲነግረን “ፈራኸው እንዴ?” ነበር ያለው።

በሚቀጥለው ኳስ ኢላሪዮ ወደ ኋላ አርቆ ላካት። አባቴ ከበስተኋላው ግድግዳ ስትመለስ ጠበቃት፣ ሰውነቱን አዞረ፣ ቀኝ ክንዱንም ሰነዘረው። ዓይኔን ጨፈንኩ። እጁ ሲሰባበር የምሰማ መስሎኝ ነበር። የሰማሁት ግን የደረቅ እንጨት መሰንጠቅ የመሰለ ጥርት ያለ ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ ከመዳፉ፣ ወዲያው ከግንቡ። ዓይኔን ስከፍት ኳሷ ከኢላሪዮ አልፋ ትንከባለል ነበር፤ አባቴ ደግሞ መሃል ሜዳ ቆሞ መዳፉን እንደ አዲስ ነገር ያየዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ? አባቴን ያን ቀን ያላየ ሰው ፔሎታ አይቻለሁ አይበል። ቀኙ ተከፈተ። ከኋላ ይመታል፣ ኢላሪዮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ኢላሪዮ ሲሸሽ አባቴ ሮጦ ከፊት ይደርስና ከግንቡ ግርጌ ካለው፣ ኳስ ከነካው ነጥብ ከሚያስጠፋው ቆርቆሮ ጣት ታህል ከፍ አድርጎ ያሳርፋታል። ኢላሪዮም ቢሆን ዝም ብሎ የሚታረድ ሰው አልነበረም፤ የሞተች የመሰለች ኳስ በጉልበቱ እየተንሸራተተ ያነሳታል፤ ሕዝቡ ለሁለቱም ያጨበጭባል። አሥራ ሁለት እኩል ሲሆኑ አወራራጆቹ ፊታቸውን አዞሩ። አሁን “ቀይ” የሚለው ድምፅ በዛ። ወፍራሙ ሰውዬ ቆሞ “ማርቲን፣ ማርቲን” ይላል፤ እጁን ቤቱ የረሳውን ሰው።

እኔ ግን ዓይኔ አንዳንዴ ወደ ሽማግሌው ይሄዳል። አባቴ በቀኙ በመታ ቁጥር አናስታሲዮ አንገቱን በትንሹ ነቅነቅ ያደርጋል። ልጁ ነጥብ እየጠፋበት! ሌላ ተንኮል እያሰበ ነው አልኩ። ዛሬ የማውቀው፣ አንድ ሰው የሠራው ሥራ ሲያምርለት አንገቱ ሳያዝዘው እንደሚነቀነቅ ነው፤ እንኳን ተደስቶ፣ ሆዱ እያለቀሰም ቢሆን።

አሥራ ዘጠኝ እኩል ሆኑ። ሃያ ለአሥራ ዘጠኝ። ሃያ አንድ። የመጨረሻዋ ኳስ ረጅም ነበረች፤ ማን እንደመታ፣ ማን እንዳነሳ መከተል አቃተኝ። እናቴ መቁጠሪያዋን ጥላ አግዳሚው ላይ ቆማለች። መጨረሻ ላይ ኢላሪዮ በግራው አነሳት፣ አጠረችበት፤ ቆርቆሮው ጓ አለ። ያ የቆርቆሮ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እንደሱ አንጀቴን ቅቤ ያጠጣኝ ነገር የለም።

ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። አባቴን ተሸከሙት። እኔ በሰው እግር መሃል ሾልኬ ሄድኩ፤ ወደ አባቴ ግን አይደለም። ሽማግሌውን ወንበሩ አጠገብ ቆሞ ፎጣ ሲያጥፍ አገኘሁት። ባለ በሌለ ኃይሌ ዘልዬ እግሩን ረገጥኩት።

ቁልቁል አየኝ። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል። “የማን ልጅ ነሽ አንቺ?”

“የማርቲን።”

“በጣትሽ ነው እኮ የረገጥሽኝ። ሰው የሚረገጠው በተረከዝ ነው፣ ቀስ ተብሎ። አባትሽን ጠይቂው” አለኝና ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣኝ፤ እንዳይ። ከዚያ ሆኜ ቆቡ አባቴ ራስ ላይ ሲጫን አየሁ። ሽማግሌውን እያስለቀስኩት ነው ብዬም በጣም ኮራሁ። ልጁ ቆቡን ያጣው አሁን መሆኑ ትዝም አላለኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ እየዘፈነ ነበር። እናቴ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችኝና ነገሩን ነገረችኝ፤ ድሮ ተጫዋቾች የቋጠረ ደም በመርገጥ ይበትኑ እንደነበር፣ እንዴት እንደሚረገጥ በደንብ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሁሉ አገር አናስታሲዮ ብቻ መቅረቱን። የወንድሜ ልጅ አሁን ሐኪም ነው፤ ይህን ስነግረው እብደት ነው ይለኛል፤ ሳይሆን አይቀርም።

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“ላንቺ ተነግሮ ለማን ሊቀር ነው?”

“ለምን ልጁን ትቶ አባዬን አዳነ?”

“እኔ እንጃ፣ ልጄ። አባትሽን ጠይቂው።”

አባቴም የሚያውቅ መስሎት ነበር። “አናስታሲዮ ከልጁ ይልቅ ጨዋታውን ይወድ ነበር” ይል ነበር፤ ለብዙ ዓመት እንዲህ አለ። አልዳዞ ስንደርስ ደወል ተደወለ፣ ርችት ተተኮሰ፣ የፖም ጠጁ በርሜል ከነበርሜሉ አደባባይ ወጣ። ቆቡን ራሴ ላይ ሲያደርግልኝ እስከ አገጬ ወረደ። በውስጡ የላቡ ሽታ ነበር። ስጨፍር ማንም አልገሠጸኝም።

አባቴና ኢላሪዮ ጨዋታ ካቆሙ በኋላ ወዳጅ ሆኑ። ሐሙስ ሐሙስ ካርታ ይጫወታሉ፤ እየተሳደቡ። ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ፣ አንድ ሐሙስ እኔም አብሬያቸው መጠጥ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ወጣት ተጫዋች እጄን አመመኝ ብሎ ፍጻሜውን ጥሎ ወጣ። ኢላሪዮ ካርታውን አስቀመጠ።

“አየህ ማርቲን፣ ለዚህኛው የሚረግጥለት ሰው የላከለት የለም።”

“ምን ማለትህ ነው የላከለት?”

“ኳስ የመረጥን ዕለት እጅህን ስጨብጠው ከምድጃ የወጣ ዳቦ ነበር። ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ሂድና እርገጥለት አልኩት።”

አባቴ ወደ እሱ ዞረ። “አንተ ነህ? እሱ እኮ ኢላሪዮ አያውቅም ብሎኛል።”

“እንዲያ በል ያልኩት እኔ ነኛ። እኔ እንደላክሁት ብታውቅ በሩን አትዘጋበትም ነበር?”

አባቴ አሰበ። “እዘጋበት ነበር” አለ።

“ጋሽ ኢላሪዮ፣ አልቆጨዎትም?” አልኩት።

“ምን ነካሽ፣ ካታሊን። ያን ሰሞን እህል አልቀመስኩም። አባቴም በየመንገዱ እያኮረፈኝ ነው ያደረገው። ግን ሁለተኛ የበሽተኛ ቆብ አድርጌ ከምዞር ራሴን ባዶ ብሄድ ይሻለኛል። የአልዳዞ ሕፃናት እንኳ ዘፈን አውጥተውልኝ ነበር።” እኔ ወደ ብርጭቆዬ አየሁ። “ደግሞስ በዓመቱ እንደገና ለፍጻሜ ስንገናኝ መቼ ለቀቅኩት? ሃያ ሁለት ለዘጠኝ። ከመግባታችን በፊት እጅህ ደህና ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። በእናቱ ስም ማለልኝ። ያቺ ቆብ ንጹሕ ናት፤ ስሞት ሣጥኔ ላይ እሷን ነው የምታደርጉልኝ። አይደል እንዴ፣ ማርቲን?”

“እንደ ብረት ነበር እጄ” አለ አባቴ፤ ካርታውን እያየ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴን ክንዱን ያዝኩት። “እውነት ደህና ነበር?” አልኩት።

“የት አባቱ። ከፊተኛው ይብስ ነበር።”

“ታዲያ በእናትህ ስም ማልክ?”

“እናቴ ታውቀኛለች።” ትንሽ ሄደ። “አናስታሲዮ ከዚያ ጨዋታ በፊት ክረምቱ ላይ ሞቶ ነበር። ላደረገልኝ ነገር ምን ላደርግለት እችላለሁ? የልጁን ቆብ ማንም እንዳያጎድፍበት አደረግሁ። ደግሞ እጄ ደህና ቢሆንም ያሸንፈኝ ነበር።”

“ያሸንፍህ ነበር?”

“ምናልባት” አለና ፈገግ አለ። “ይህን ለሰው ብታወሪ ግን ልጄ አይደለሽም።”

እኔ ካታሊን፣ አላወራሁም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ ገድል ይህ ነው። አሁን ሁለቱም ስለሌሉ ነው አፌን የከፈትኩት፤ ያ ቆብም በእኔ ወሬ የሚጎድፍ አይደለም።

ቀድሞ የሄደው ኢላሪዮ ነው። ኢባርቤ ቤተ ክርስቲያን ሣጥኑ ላይ ያቺ ቆብ ተቀምጣለች፤ የወርቅ ክሩ ገርጥቷል። ለቀስተኛው ሲወጣ በሩ ላይ አንድ ጋዜጠኛ አባቴን ያዘው። የኢላሪዮ ልጆችም የልጅ ልጆችም አጠገባችን ቆመዋል።

“አቶ ማርቲን፣ ከኢላሪዮ ጋር በተጋጠሙበት ሁለተኛ ፍጻሜ እጅዎን አሞዎት ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው?”

አባቴ በዱላ የሚሄድ ሽማግሌ ነበር። ዱላውን ለእኔ ሰጠኝና ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀኝ መዳፉን ከፍቶ ከፍ አደረገው፤ ኋላ ያሉትም እንዲያዩ፣ ኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፁን አነሳ።

“ይህ እጅ ያን ቀን ጤነኛ ነበር” አለ። “ኢላሪዮ ኢቱራይን ያሸነፈኝ ሙሉ ሰው ሆኜ ነው።”